ዲላ ላይ ስም ልናወጣ

ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሳነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ ኩንሌና ኢያ ቢሲ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ኩንሌ ናይጄሪያዊ ነው፣ ዮሩባ። ኢያ ቢሲ ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ ዮሩባዎች ያቋቋሙት ማኅበር አንጋፋ እናት ናቸው። መጠሪያቸው «የቢሲ እናት» ማለት ነው።

የጉዟችን ምክንያት ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ታዮ ነው። ሚስቱ ፎላኬ ሴት ልጅ ተገላግላለች። በዮሩባ ወግ ሕፃን በስምንተኛው ቀን ስም ይወጣለታል፤ ይዛው የምትወጣውም የቤቱ ትልቅ ሴት ናት። የፎላኬ እናት ከኢባዳን ለመምጣት ቪዛ አልደረሰላቸውም። ስለዚህ ማኅበሩ ኢያ ቢሲን በእሳቸው ምትክ ላከ።

ዝዋይ

ቁርሳችን የዓሣ ጥብስ ነበር። ኢያ ቢሲ ሚጥሚጣ ሦስት ጊዜ አስጨመሩና «አሁን ገና ዓሣ ሆነ» አሉ።

ከሐዋሳ ወዲያ

መንገዱ አረንጓዴ ውስጥ ገባ። ከትልልቅ ዛፎች ሥር ቡና፣ ከቡናው ጎን እንሰት።

«የሙዝ አገር ነው እንዴ?» አሉ ኢያ ቢሲ።

«እንሰት ነው። ፍሬው አይበላም፤ ከግንዱና ከሥሩ ቆጮ ይሠራል» አልኳቸው።

ዲላ ልንደርስ ስንል አናናስ ገዛን። ሻጯ ሁለት መቶ ብር ካለች ወይ ፍንክች፤ ግን አንድ ትንሽ መረቀችልን።

ዲላ

የታዮ አከራይ እማማ አስቴር ይባላሉ። ስንገባ ሕፃኗን አጥበው ቅቤ እየቀቧት ነበር። ኢያ ቢሲ ሻንጣቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ።

«የፎላኬ እናት መጥታለች በያቸው። አሁን ልጅቷን ይስጡኝ።»

ተረጎምኩ። እማማ አስቴር ልጅቷን ሰጥተው፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወጡ። በቀዶ ጥገና የወለደችው ፎላኬ አልጋዋ ላይ እንደተኛች ማልቀስ ጀመረች።

«ኢያ፣ ከሆስፒታል ስወጣ ደግፈው ያስገቡኝ እማማ አስቴር ናቸው» አለች በእንግሊዝኛ። «አንድ ቃል አንግባባም፤ ግን ሲያመኝ ያውቃሉ። ነገ ልጄን ይዘው እንዲወጡልኝ የምፈልገው እሳቸውን ነው።»

ኢያ ቢሲ ይቀየማሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ልጅቷን ለአባቷ ሰጥተው ክንዴን ያዙ።

«ነይ፣ ተርጉሚልኝ።»

እማማ አስቴር ማድ ቤት ጎመን እየከተፉ ነበር።

«እህቴ፣ ቅድም ቸኩዬ ነው፤ ይቅር በዪኝ» አሉ ኢያ ቢሲ። «ነገ አንቺ ይዘሻት ውጪ።»

«እኔ ወጋችሁን አላውቅም። ባበላሽስ?»

«አጠገብሽ እቆማለሁ።»

እማማ አስቴር በርጩማ ጎተቱላቸው። «እንግዲያ ቁጭ በዪ። መንገደኛ ነሽ፤ ትበያለሽ።»

ማታ ቆጮ በጎመን በላን።

እሑድ

ጎረቤቶች፣ መምህራንና ተማሪዎች ግቢውን ሞሉት። እማማ አስቴር ልጅቷን ታቅፈው ወጡ። ኢያ ቢሲ ውኃ፣ ጨውና የጌዴኦ ማር በየተራ ከንፈሯ ላይ እያስነኩ መረቁ። ታዮ «አዮዴሌ» አላት፤ ደስታ ወደ ቤት መጣ ማለት ነው። ከኢባዳን በስልክ የሚያዩት አያቷም የራሳቸውን ስም ሰጡ፤ ዘመድ ሁሉ ስም ያወጣልና።

ከዚያ ኢያ ቢሲ ወደ እማማ አስቴር ዞሩ። «አንቺስ?»

እማማ አስቴር ዓይናቸውን ጨፍነው በጌዴኦኛ ረጅም ጸሎት ጸለዩ።

«ጸጋነሽ» አሉ በመጨረሻ።

«ሰጋኔሽ» አሉ ኢያ ቢሲ።

«ጸ! ጸ በዪ!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ከመጣን ወዲህ ፎላኬ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

መልስ

ሰኞ ማታ አዲስ አበባ ገባን። ያ ማኅበር ለእኔ እስካሁን የባለቤቴ ዘመዶች ድግስ ነበር። አሁን ግን ባዕድ አገር ብቻዋን ለወለደች ሴት ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ አየሁ። ዘመድ ልንሆናት ሄደን፣ ዘመድ አግኝታ ጠበቀችን፤ በዚህም ማንም አልተከፋም።

ኢያ ቢሲ በራቸው ላይ ሲወርዱ የእማማ አስቴርን ስልክ ቁጥር ጠየቁኝ።

«በምን ቋንቋ ልታወሩ ነው?» አልኳቸው።

«የልጅቷን ድምፅ ታሰማኛለች» አሉና ገቡ።