ለአራተኛው ጊታር የሰጠሁት ድምፅ

የበደለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። የበደለኝም ባለፈው ዓመት፣ ከመስቀል ማግስት እስከ ኅዳር መግቢያ ባሉት ሳምንታት፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነው። ስሙን አልጽፍም። ደባርቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ስለ ራሴ የምናገረው ጥቂት ነው። በወጣትነቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር እመታ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ጊታር የያዘች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቡድኑ ሲበተን ጊታሩ እኔ ጋ ቀረ። መምህርት ሆንኩ፣ አገባሁ። አማቴ ጊታሩን ያዩ ቀን፣ «ልጄ አዝማሪ ማግባቱን የነገረኝ ሰው የለም» አሉ። የተናገሩት ለእኔ አልነበረም፤ ለግድግዳው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ሳልዘጋ ጊታር ነክቼ አላውቅም። ባለቤቴም አማቴም ካረፉ በኋላ እንኳ መዝጋቱን አልተውኩም። ዳባት ስንት ዓመት አብረውኝ ያስተማሩ ሰዎች ጊታር እንደምችል አልሰሙም። ሰው ስለ እኔ የሚያወራው አንድ ነገር እንዲቀንስ ፈልጌ ነበር፤ ቀነሰም።

የሚያውቀው ወንድሜ ብቻ ነበር። አባታችን ሲሞቱ እኔ ቤት ገብቶ ያደገ ልጅ ነው። በሩን ስዘጋ እሱን ወደ ውጭ አላስወጣውም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማኛል፤ ለማንም አይናገርም። የማምነው በዚህ ነበር።

አሁን አምሳ ሊሞላው ነው። ኮምፒዩተር ያስተምራል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ሙዚቃ የሚያጫውት ፕሮግራም ይጽፋል። እሱ ራሱ አንድም መሣሪያ አይነካም። ይህን ድምፅ፣ ይህን ያህል በኃይል፣ ይህን ያህል ጊዜ እያለ በቁጥር ያዝዛል፤ ኮምፒዩተሩ ይጫወታል። ወደ ተራሮቹ፣ ወደ ጊችና ወደ ጨነቅ፣ እንግዳ የሚወስዱ ሰዎች ለቪዲዮዎቻቸው ማጀቢያ ያሠሩታል። ከበሮውና ዋሽንቱ ተሳክቶለት ነበር። ጊታሩ እምቢ አለው።

በመስቀል ማግስት ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ።

«እታለም፣ ጊታር ልትመርጪልኝ ነው።»

«ጎንደር ወርደህ ልትገዛ ነው?»

«የለም፣ እጅ የማይዘው ጊታር ነው።»

«ካልተያዘ በምን ይመረጣል?»

«በጆሮ ነዋ። የእኔ ጆሮ ቆርቆሮ ነው። ደባርቅ ውስጥ ይህን የሚለይ ካንቺ በቀር ማን አለ?»

ፕለጊን እንደሚሉት ነገረኝ። አንድ ሰው የሆነ አገር ተቀምጦ የጊታሩን ክር አንድ በአንድ ይመታል፣ ይቀዳል፤ ቅጂው ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ ቁጥር ሲልክ ፕለጊኑ ያንን ቅጂ አውጥቶ ያሰማል። እንዲህ አድርጎ ከነአሠራሩ አስረድቶኛል። አስረድቶኝ ሳለ አልጠረጠርኩም። ይህን ሞኝነቴን አልደብቅም።

ይዞ የመጣው ሦስት ነበር። የመጀመሪያው ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሁሉም ድምፅ ዋሻ ውስጥ የተመታ ይመስላል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርብበታል። ሁለተኛው አይታዘዝም። በጊታር ላይ አንድ ድምፅ በሁለት ክር ሊገኝ ይችላል፤ በወፍራሙ ክር ሲመታ ሌላ ነው፣ በቀጭኑ ሌላ ነው። ወንድሜ በወፍራሙ ብሎ ሲያዝዘው ፕለጊኑ ደስ ባለው ክር ይመታል። ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ ነበር። አንድ ድምፅ ሲጠይቁት አጃቢ ብሎ ሦስት ይጨምራል። ትዝታ እንዲጫወት አዘዝነው፤ በትዝታ ቅኝት ውስጥ የሌለ ድምፅ እየከተተ አበላሸው።

«ይሄ ያልተጠራበት ሰርግ የሚገባ ነው» አልኩት።

ወንድሜ እየሳቀ ጻፈው። የምለውን ሁሉ ይጽፍ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ነገርኩት። ሦስቱም አንድን ድምፅ አራት ጊዜ ሲደጋግሙ አራቱም ልክ አንድ ናቸው፤ ሰው ግን አንድን ክር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መምታት አይችልም። ይህንንም ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት።

በሳምንቱ ማይክሮፎን ይዞ ተመለሰ። ፕለጊኖቹን ከእውነተኛ ጊታር ጋር ለማስተያየት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል አለ። በሩን ዘጋሁ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን፤ ዶሮዎቹን ወደ ጓሮ አባረርን። ከቤቴ ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ፤ መብራት ሲጠፋ ብቻ ዝም ይላል። ስለዚህ መብራት እስኪጠፋ እየጠበቅን፣ በላፕቶፑ ባትሪ እንቀዳ ነበር። ሰፈሩ መብራት ጠፋ ብሎ ሲያማርር እኔ ጊታሬን አነሳለሁ። ስድስቱንም ክር፣ በአንገቱ ላይ ፍሬት ከሚባሉት የብረት ክፍፍሎች እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ፣ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎ በመካከለኛ፣ ከዚያ በኃይል፤ እያንዳንዱን አራት አራት ጊዜ።

«ለማነጻጸሪያ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?»

«የማሽን ጆሮ ድፍን ነው እታለም። ካልደጋገሙለት አይገባውም።»

«እንደ አንዳንድ ተማሪዎቼ በለኛ።»

«እንደ እኔ በዪው» አለ። ሳቅን።

የግራ እጄ የቀለበት ጣት ጫፍ በልጅነቴ በማጭድ ተቆርጦ የዳነ ነው። ጠባሳው ክሩን ሲረግጥ፣ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ኮሽ ይላል። ያቺን ኮሽታ አጥፋልኝ አልኩት። ለማነጻጸሪያ ነው፣ ምን አስጨነቀሽ አለኝ። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ሳምንታት ደስ ይሉኝ ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ ያ ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ የተመለሰ መስሎኝ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ሚስቱን ይዞ መጣ። አራተኛ ጊታር ጨምሬያለሁ አለ፤ ጎንደር ያለ ጓደኛዬ የላከልኝ ነው አለ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አራቱንም ሰማሁ። ሦስቱን አውቃቸዋለሁ። አራተኛው ቀጭን ክር ላይ ጥቂት ድምፆችን ብቻ ተጫወተ።

«የዚህኛው እጅ ደክሟል» አልኩ። «ግን አይዋሽም። ይሄ ሰው አለበት።»

የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

«ምን ያስቃታል?»

«ሳቅ አይደለም፤ ጉንፋን ይዟት ነው» አለ ወንድሜ። «በይ እንግዲህ ድምፅ ስጪ።»

እንደ ቀበሌ ስብሰባ እጄን አነሳሁ።

«ተቃውሞ? የለም። ድምፀ ተዓቅቦ? የለም። አራተኛው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!»

ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። «ለቁጥር አራት ጊታር ድምፄን ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ስሜና የፊርማ ቦታ። ወረቀቱ ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ፕሮግራሙን አብሮት የሚያወጣው ሰው፣ ጊታር የሚያውቅ ሰው መምረጡን ማየት ይፈልጋል አለኝ። ፈረምኩ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ለለቅሶ ዳባት ወርጄ በሚኒባስ እየተመለስኩ ነበር። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቷል፤ የመጠጥ ቤት ዘፈን ነው፤ ግጥሙ የአንዲት ሴትን ዳሌ ያነሳል። በመግቢያው ጊታር አለ። መንገዱን እያየሁ ሳለ ኮሽታዋን ሰማሁ። ከዚያ ደግሞ መጣች። ነጠላዬ ሥር ያለውን ጣቴን ገልጬ አየሁት። ያንን ዜማ በሕይወቴ ተጫውቼው አላውቅም። የሚጫወተው ግን የእኔ እጅ ነበር።

ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «እንዴት ያለ ጊታር መቺ ነው እባካችሁ!» አሉ።

«መቺ የለውም አባባ» አላቸው ሹፌሩ። «ኮምፒዩተር ነው። እዚሁ ደባርቅ ያለ መምህር የሠራው ፕሮግራም ነው። ሰው የለበትም።»

ከመናኸሪያው ቤቴ አልሄድኩም። ለለቅሶ እንደለበስኩ ወንድሜ ቤት ገባሁ። እሱና ሚስቱ ምሳ እየበሉ ነበር።

«አራተኛው ማነው?» አልኩት።

ወዲያው ገባው። «መጀመሪያ ተቀመጪ፣ እጅሽን ታጠቢ።»

«አልቀመጥም። አራተኛው ማነው?»

«ራስሽ የመረጥሽው ነው። ከሁሉ ይሻላል ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«የቀለበት ጣቴ የነካውን ደብቀህ ነው ያሰማኸኝ። ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እሺ ትዪኝ ነበር?»

«አልልህም።»

«እንግዲያ!» አለ፣ ክርክር የረታ ይመስል።

ከዚያ ተነሥቶ ወረቀቱን አመጣ። ጣቱን ፊርማዬ ላይ አደረገ። «ድምፄን ሰጥቻለሁ ይላል። አንቺ ነሽ የፈረምሽው።»

«የሰጠሁት የምርጫ ድምፅ ነው!»

«ወረቀቱ የቱ ድምፅ እንደሆነ አይለይም እኮ፣ እታለም።»

አባታችን የቅኔ መምህር ነበሩ። ሁለት ፊት ያለውን ቃል ኅብር ይሉታል፤ አንድ ኅብር ሲያገኙ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ይውላሉ። ወንድሜ ቅኔ ቤት ገብቶ አንድ ክረምት ሳይሞላው የኮበለለ ነው። ከአባቱ የወረሳት አንዲት ኅብር ብትኖር፣ ያቺን በእኔ ላይ አዋላት።

ሚስቱ እጇን ታጥባ መጣች። «እትዬ፣ ምን ያስቆጣዎታል? ስምዎ እኮ የለበትም። ለክብርዎ ብሎ ነው የደበቀው። ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት። «ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ስትወጪ ታውቂ ነበር።»

ወንድሜን እንዲያጠፋው ጠየቅሁት። ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፣ ሰዎች ወስደውታል፣ መመለሻ የለውም አለኝ። ጣቱን ግን ከፊርማዬ ላይ አላነሳም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት በላይ ያለውን አልቀዳንም። ሰዎች እየጠየቁኝ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ብትሰጪኝ…»

ወጥቼ ሄድኩ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ጎደለብሽ ይለኛል። ጊታሩ ቤት ነው፣ ጣቶቼ አሉ። የጎደለብኝን እነግራቸዋለሁ። በሩን የምዘጋው አፍሬ አልነበረም፤ ለማን እንደምጫወት የምመርጠው እኔ እንድሆን ነበር። የመረጥኩት አንድ ሰው ነበር። ያ አንድ ሰው እጄን ወስዶ፣ ቁጥር መጻፍ ለሚችል ሁሉ ሰጠው። አሁን በማላውቀው አገር፣ የማላውቀው ሰው በማልወደው ግጥም ላይ ያስመታኛል፤ ሹፌሩም ሰው የለበትም ይላል። ስሜ ቢኖርበት አንድ ውርደት ነው፣ ባይኖርበት ሌላ። ሁለቱንም ያመጣብኝ ወንድሜ ነው።

በዐቢይ ጾም ሁለት ሽማግሌ ላከብኝ። ይቅር በዪው አሉኝ፤ ጾም ነውና ይቅር ብያለሁ አልኩ። ታላቅየው ሲነሡ፣ «እንግዲህ ነገሩ በቤት ይቅር፤ ለሰው አይነገር» ብለው ጨመሩ። ይህንን እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

ከፋሲካ በኋላ በየወሩ የምንጠጣው ማኅበር ተራ የእኔ ነበር። ወንድሜና ሚስቱ የማኅበሩ አባል ስለሆኑ መጡ። የንስሐ አባታችን ባርከው፣ ቀምሰው እስኪወጡ ጠበቅሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ጊታሩን አምጥቼ በሰው መካከል ተቀመጥኩ።

«በማኅበር ቀን? ምን ነካሽ?» አለች አንዷ ጎረቤቴ።

የሚኒባሱን ዘፈን መግቢያ ከቀለበት ጣቴ ኮሽታ ጋር ተጫወትኩት። አንዳንዶቹ አወቁት፤ አንዷ ራሷን መነቅነቅ ጀምራ ተወችው። ስጨርስ እንዲህ አልኩ፤ «ሰው የለበትም የሚባለው ይህ ነው። የተቀዳው እዚህ ቤት ነው። የወሰደው ወንድሜ ነው። እኔ አልሰጠሁትም።»

ወንድሜ አቀርቅሮ ነበር። ሚስቱ ነጠላዋን አንሥታ ቀድማው ወጣች፤ እሱም ተከተላት። የቀረው ሰው ጥቂት ቆይቶ ሄደ። በሚቀጥለው ወር ወንድሜ ከማኅበሩ ወጣ። እኔ ቤቱ አልሄድም፤ እሱም አይመጣም። ለቅሶ ከሆነ እሄዳለሁ።