ለኦብዬሮ የተሠራው መቀመጫ

«ሐይቁ ሰፊ ነው አሉ፣ ማዶው አይታይም፤
ቀዝፎ የሄደ ሰው ግን…»

ኦዊቲ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይጠፋበታል። የቀረውን ከንፈሩን ገጥሞ በእንጉርጉሮ ያልፈዋል። ዘፈኑ የታላቅ ወንድሙ የኦብዬሮ ነበር፤ መረብ ሲጎትት የሚያወጣው። በሐይቅ ዳሯ ከተማችን በምቢታ፣ ከጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ጋራዥ በኩል ያለፈ ሁሉ ያንን የተቆረጠ ዜማ ሰምቷል። ኦዊቲ የሰው ጀልባ ሞተር እየፈታ ያንጎራጉራል፤ እጁ ሥራ ሲፈታም ደጃፉ ላይ ወደቆመችው የራሱ ሞተር ሳይክል ዞሮ ያንጎራጉራል።

ኦብዬሮ ከቀረ ቆይቷል። የእኛ ሐይቅ ዓሣው ሲሳሳ እንደ ብዙ የጎሳችን የሉኦ ልጅ ወደ ሰሜን ወጣ፣ ወደ ቱርካና ሐይቅ። እዚያ ነፋሱ ሳይናገር ነው የሚነሣው። ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም።

በእኛ ዘንድ አስከሬኑ የጠፋ ሰው እንዲሁ ሜዳ ላይ አይቀርም። ከያጎ ዛፍ ላይ የሰው ክንድ የሚያህለው ከባድ ፍሬ ይወርድና በሟቹ ስም ተለቅሶለት በግቢው ይቀበራል። ከዚያ ወዲያ ሟች ሟች ነው፣ ኗሪም ኗሪ። ሽማግሌዎቹ ለዚሁ ሲነሡ ግን እናትየው እምቢ አሉ። ልጄን ማንም ሳይጠራው ፍሬ አትቅበሩብኝ አሉ። አንድ ሰው ይሂድና ከጠፋበት ውኃ ዳር በስሙ ይጥራው፤ መንገዱን እየነገረ ያምጣው፤ ያኔ ትቀብራላችሁ። አንድ ሰው ያሉት ኦዊቲን ነበር። ሌላ ወንድም የለም።

ታላቅ ሳይቀበር ደግሞ ታናሽ ከእናቱ ግቢ ወጥቶ የራሱን ደጅ አይከፍትም። ስለዚህ ኦዊቲ፣ ሚስቱ አኬዮና ልጆቻቸው በወንደላጤነቱ በሠራት፣ ከእናቱ በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ጎጆ ውስጥ እንደታጨቁ ዓመቱ ይመጣል፣ ዓመቱ ይሄዳል።

ሞተሯን የገዛት ለዚያ መንገድ ነው። ከቻይና የመጣች፣ ርካሽ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ግን የትልልቆቹን መልክ የሰረቀች፤ አፍንጫዋ እንደ አሞራ የሾለ፣ እግሯ ረጅም። የቀድሞ ባለቤቷ የኪሱሙ ነጋዴ ነበር፤ ደጋግማ ብትጥለው ጠልቷት ሸጣት። ኦዊቲ ግን ገና ሲያያት ወደዳት። ሞላዋ ልፍስፍስ ነበር፤ አውጥቶ ጠንካራ አስገባላት። የኋላ የሰንሰለት ጥርሷን በትልቅ ቀየረ፣ ዳገት እንዳያስለምናት። የጎማዋን ራጂ፣ ቀጫጭን ሽቦዎቹን፣ አንድ በአንድ አጠበቀ። ከአሮጌ ጀልባ ገላ ብረት ቆርጦ ከሆዷ ሥር የድንጋይ መከላከያ አበጀላት። የመሪዋን ክንድ ከፍ አደረገው፣ ቆሞ ለመንዳት እንዲመች። ከዚያ የጀሪካን ማንጠልጠያ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ የብረት ሣጥን፣ ከዚያ ለድንኳን የሚሆን መደርደሪያ ጨመረ።

ከሁሉ የለፋበት ግን የኋላው መቀመጫ ነበር። ኦብዬሮ ረጅም ነው፤ ጀርባውንም ያመዋል። ኦዊቲ ወፍራም ስፖንጅ ገዛ፣ ጥሩ ሰማያዊ ቆዳ አልብሶ አሰፋው፣ የጀርባ መደገፊያም በብረት አስበየደለት። በያጁ ጃኦኮ፣ ምላሱ ከእሳቱ የሚብስ ሰው፣ የዐይን መከላከያውን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ሥራውን አየና፦

«ስማ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ሞተር ልታገባት ነው? ሶፋ እኮ ነው ያሠራኸኝ።»

«ወንድሜ ይቀመጥባታል።»

ጃኦኮ ቀልዱን ዋጠ። ትንሽ ቆይቶ ግን አላስቻለውም። «እሷስ ይኸው ሶፋ አላት፣ ሣጥን አላት፣ ድንኳን አላት። አንተ ነህ እንጂ ቤት የሌለህ» አለው።

ሰፈሩ ሳቀ፤ ኦዊቲም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ ደህና የነበረውን የሰንሰለት ማጥበቂያ እንደገና ፈታው።

ዝናብ መጣ፣ ዝናብ ሄደ። ሲጠይቁት ሁሌም የቀረ ነገር አለ። ጎማው ለዚያ ድንጋይ አይሆንም፤ መብራቱ ደካማ ነው፤ አንድ ጀሪካን ይጨመር። እናትየው ዐይናቸው እየደከመ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የመፍቻ ድምፅ ያዳምጣሉ፤ «ዛሬም አልጨረሰም?» ይላሉ፣ ለማንም ሳይሆን። እኛ ሰነፈ አልን። አንዳንዱ ደግሞ ፈራ አለ፤ ያ መንገድ ሽፍታ አለበት፣ ውኃ የለበትም። መፍራቱንስ ፈርቶ ነበር። የፈራው ግን ሌላ ነው። ያወቀችው አኬዮ ብቻ ናት።

እናትየው እህል እምቢ ያሉ ቀን አኬዮ ወደ ጋራዡ መጣች። ባሏ ሞተሯ ሥር ተንጋሎ ነበር። ጎንበስ አላለችም፤ ከቆመችበት ለእግሮቹ ነገረቻቸው።

«የአፒዮ አባት፣ ይቺ ሞተር ካለቀች ትሄዳለህ። ከሄድክ ትጠራዋለህ። ከጠራኸው ሞተ ማለት ነው። ለዚህ አይደል የማታልቀው?»

መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ስለ ቤቱ አልጨቀጨቅኩህም፤ በዚያችም ጎጆ ቢሆን እኖራለሁ። እናትህ ግን ሊሄዱ ነው። መጠራቱን ሳይሰሙ ሊሄዱብህ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ኦዊቲ ያሉትን ሣጥኖች ሁሉ ሞልቶ፣ ጀሪካኖቹን ሁሉ አንጠልጥሎ ተነሣ። የቀረ ነገር እንዳይኖር ብሎ የቀረ ነገር ሁሉ ጫነባት። ሞተሯ እንደ እርጉዝ ላም ከኋላዋ ከብዳ ተጎተተች።

ኬሪቾ ላይ ሻይ ቅጠሉ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ናኩሩን በአቧራ፣ ማራላልን በብርድ አለፈ። ባለ ርካሽ ሞተር ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሱም ያውቅ ነበር፤ የእነዚህ ሞተሮች ልባቸው ጠንካራ፣ የኋላውን መቀመጫ የሚሸከመው ጭራቸው ግን ቀጭን ነው። ያውቀው ነበርና ብረት በብረት ላይ አስበየደ፤ ያስበየደው ብረት ራሱ ጭነት ሆነ። ከባራጎይ ወዲያ፣ መንገዱ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የድንጋይ ክምር በሆነበት፣ ከበታቹ አንድ ነገር ጧ አለ። ሲወርድ የኋላው ጭራ ተሰንጥቆ ሰማያዊው መቀመጫ ከጎማው ላይ ተኝቷል። ተሸካሚው ብረት የተሰነጠቀው በጃኦኮ ብየዳ ላይ አይደለም፤ ከብየዳው ቀጥሎ፣ እሳት ባልነካው ቀጭን ቦታ ላይ ነው።

ፍየሎቹን ይዞ የሚያልፍ አንድ የሳምቡሩ ሰው ጦሩን ተመርኩዞ ቆመ። ጭነቱን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ በስዋሂሊ ጠየቀው።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«የእኔና የወንድሜ።»

«ወንድምህ የታለ?»

«እሱን ላመጣ ነው የምሄደው።»

ሰውየው አልሳቀም። «ሰው ልታመጣ እየሄድክ ነው የሞላኸው?» አለ። «ግመል ይዞ ጭነት ሊያመጣ የሚሄድ ሰው ግመሏን ባዶዋን ነው የሚወስዳት።»

ያን ጊዜ ኦዊቲ ድንጋይ ላይ ዐረፍ ብሎ ሣጥኖቹን መፍታት ጀመረ። ድንኳኑን፣ ጀሪካኖቹን፣ ትርፍ ጎማውን፣ በመጨረሻም የጀርባ መደገፊያውን ፈትቶ ለሰውየው ተወለት። ሰውየው ሁለት የግራር ዱላ ቆርጦ አመጣ። የተሰነጠቀውን ብረት መሐል አድርገው፣ ከትርፉ ጎማ የውስጥ ላስቲኩን ቀድደው፣ እንደ ተሰበረ እግር ጠፍረው አሰሩት። ሞተሯ ቀለለች። ዓመታት የለፋበት ሁሉ የፍየል በረት ማጠሪያ ሊሆን ከመንገድ ዳር ቀረ።

«ስንት ነገር አበጅቼ፣ ስንት ነገር ጭኜ፣
ባዶዬን ደረስኩኝ፣ ከነሐዘኔ ሆኜ»

የሚያሰኝ መንገድ ነበር የቀረው።

ከቱርካና ሐይቅ ዳር፣ ሎይያንጋላኒ ላይ፣ ኦፔሬ የሚባል የሉኦ ዓሣ አጥማጅ ተቀበለው። ኦብዬሮ በጠፋበት ቀን በሌላ ጀልባ አብሮት የወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ አገሩ ያልተመለሰ ሽማግሌ ነው። ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ውኃ ዳር ወሰደው። «እዚህ ፊት ለፊት ነው» ብሎ በእጁ አሳየውና ራቅ ብሎ ቆመ።

ኦዊቲ አፉን ከፈተ፤ ስሙ አልወጣለት አለ። ስለ ሌላ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ስለ ሞተሯ ነገረው፤ ስለ ሞላዋ፣ ስለ ጥርሷ። ስለ ልጁ ስለ አፒዮ ነገረው፤ አንተ ስትሄድ አትራመድም ነበር፣ አሁን እህት አላት አለው። እንዲህ ሲያወራ ነፋሱ ተነሣና ከአፉ እየነጠቀ ይወስድበት ጀመር። ነፋሱን ለማሸነፍ ሲል ጮኸ፣ ሲጮህ ስሙ አመለጠው።

«ኦብዬሮ፣ የአባታችን የኦሉዎች ልጅ! ና እንሂድ። እማ ትጠብቅሃለች። ና፣ ወንድሜ፣ እንሂድ።»

ደጋግሞ ጠራው። ውኃው አልመለሰም፤ ውኃ መች ይመልሳል። ከዚያ ከጎኑ ሰው እንዳለ ሁሉ ቀስ ብሎ እየተራመደ ወደ ሞተሯ መጣ። የተጠፈረውን የኋላ መቀመጫ አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

ኦፔሬ ከኋላው ተናገረ። «ለታላቅህ የተሰበረ መቀመጫ ልትሰጥ ነው?»

«ሌላ የለኝም፣ አባባ።»

«ያንተ አለ።»

ኦዊቲ የራሱን መቀመጫ አየ። እሱ ደህና ነው፤ በዋናው አጥንቷ ላይ ነው ያለው። አቧራውን ጠረገለትና «ተቀመጥ» አለ። እሱ ራሱ ከእግር መርገጫው ላይ ቆመ።

እንደቆመ መጣ። ዳገቱን ቆሞ ወጣ፣ ቁልቁለቱን ቆሞ ወረደ፤ ጉልበቱ ሲከዳው ወደ ፊት ተስቦ የቤንዚን ታንከሯ ላይ ይለጠፋል እንጂ ወንበሩን አይነካም። መንገዱን ይነግረዋል። ይህ ባራጎይ ነው። ይህ ወንዝ ነው፣ ያዝ። ማራላል ላይ አንድ በያጅ የታሰረውን ዱላ አይቶ አዘነ፤ መቀመጫውን ላንሣና ልበይድልህ አለው። ኦዊቲ ወንበሩን አየ፣ በያጁን አየ። አንዴ የተቀመጠን ሰው ተነሥ ማለት ከበደው። አመስግኖ አለፈ። ኬሪቾ ላይ ሲዘንብ የራሱን ካፖርት አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለ። የሻይ ለቃሚ ሴቶች ከመንገድ ዳር ቆመው አዩት፤ ጠቆሙት፤ ኋላ ግን አንዷ አሮጊት የገባት መሰለኝ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አሳለፈችው ይባላል።

ምቢታ ሲገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሰው ሁሉ ሞተሯን ሰምቶ ወጣ። ጃኦኮ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ባዶውን ወንበር ሲያይ ዘጋው። ኦዊቲ ቆሞ በበሩ ገባ፣ እናቱ ደጃፍ ላይ ሞተሯን አጠፋ።

እናትየው በአኬዮ ክንድ ተደግፈው መጡ። ደረስክ ወይ አላሉትም፤ አገኘኸው ወይም አላሉትም። እጃቸውን ዘርግተው ወንበሩን ፈለጉ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት፣ ካፖርቱን አልፎ የገባው ዝናብ እስካሁን ያልደረቀበትን።

«ከሳህ፣ ልጄ» አሉ፣ ለወንበሩ።

ከዚያ በኋላ ጮኹ። እሳቸው ሲጮኹ ግቢው ጮኸ፣ ስንት ዓመት ታፍኖ የነበረው ሁሉ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ፍሬው ከያጎው ዛፍ ወረደ። ኦዊቲ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ ጉድጓዱ አወረደው። ይከብዳል ብሎ አንድ ሰው ሊያግዘው እጁን ሲዘረጋ ራሱን ነቀነቀ። አፈሩ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ለእሱም ደጅ የሚከፍትበትን ቀን ይነጋገሩ ጀመር። እሱ ግን የሚሰማቸው አይመስልም፤ ሰው እየተሸኘ፣ ሰው እየመጣ፣ እሱ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል።

ሴቶቹ የበቆሎውን ገንፎ፣ ኡጋሊውን፣ ከነዓሣው አቀረቡ። ወንዶቹ በየተራቸው ተቀመጡ። ከእናትየው በር በስተቀኝ ያለው የእንጨት ዱካ፣ በርጩማው፣ ብቻ ባዶ ቀረ፤ የታላቅ ልጅ ቦታ ነው። ኦዊቲ ከበታቹ መሬቱ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል እናቱ ሰሙት።

«እዚያ አይደለም።»

«እማ…»

«ከአንተ በላይ ማንም የለም አሁን። ተቀመጥ።»

ዙሪያውን አየ፤ አይ፣ ገና ነው የሚለው ሰው የፈለገ ይመስል ነበር። ሁሉም አጎንብሷል። በሐይቁ በኩል ጀልባዎች ሞተራቸውን እያስነሡ ነው። ያን ጊዜ ዱካውን በእጁ ጠረገና ተቀመጠ። አኬዮ ሳህኑን ከፊቱ አስጠጋችለት። ኡጋሊውን ቆረሰ፣ በአውራ ጣቱ ጎድጎድ አደረገው፣ የዓሣውን መረቅ ጠቀሰና በላ።