ስሜን የጫኑ ሁለት አውቶቡሶች

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከስልኳ ላይ አንድ ወሬ አነበበችልኝ። ሁለት መኪና ሠሪ ኩባንያዎች ለአንድ ሞዴል በወጣ ስም ተካስሰው ፍርድ ቤት ቆመዋል አሉ። አንደኛው “ስሙ የእኔ ነው፣ ገዢ እያሳሳትክብኝ ነው” ይላል፤ ሌላው “ቃል የማንም ርስት አይደለም” ብሎ ይከራከራል።

“እትዬ፣ በስም ደግሞ ይካሰሳሉ እንዴ? ዋናው መኪናው መሄዱ አይደለም?” ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ሻዬን ሳልጨርስ ብርጭቆዬን አጠብኩ። ያን ቀን እስኪመሽ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ።

ይህን ነገር ለማንም አውርቼው አላውቅም። ረስቼው አይደለም፤ ያስቀየሙኝ ሰዎች በሕይወት ስለነበሩ ነው። የመጨረሻቸው በዘንድሮው ጾም ተቀበረ፤ ለቅሶ አልደረስኩም።

ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው። ጊዜው ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነበር። አባቴ በሮቢ ወንዝ ዳር ሎሚና ፓፓያ ያለማል። ቤታችን ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ስለነበረ ከደሴ የሚመጣውም ከአዲስ አበባ የሚወርደውም መኪና በደጃችን ያልፋል። በበጋ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ምሳችን ላይ ይበትነዋል፤ ቆሎው ሁሉ በጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ከቤት እወጣ ነበር። የት እንደምሄድ ሳላውቅ መሄድ የምመኝ ልጅ ነበርኩ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ከአባቴ ጋር ደብረ ብርሃን ደርሰን ስንመለስ የጋሼ በዛብህ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርን። ጋሼ በዛብህ የአባቴ ወዳጅ ነው፤ አውቶቡሱ የራሱ፣ ሾፌሩም ራሱ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኑ እምቢ አለ። ማርያምን የሚጠራው ማርያምን፣ አላህን የሚጠራው አላህን ጠራ። ጋሼ በዛብህ ማርሹን እየቀነሰ፣ መሪውን እየታገለ፣ አውቶቡሱን ከገደሉ በተቃራኒ በኩል ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አፋትጎ አቆመው። ያተረፈን የእሱ እጅ ነው። እሱ ግን ላቡን ሳይጠርግ ዞረና ከኋላው ጆንያ ላይ የተቀመጥኩትን እኔን አየኝ።

“ገደኛ ናት!” ብሎ ጮኸ። “ይቺ ልጅ ገደኛ ናት! ከኋላዬ ባትሆን ኖሮ አልቀን ነበር!”

በሳምንቱ ስሜ በአውቶቡሱ ግንባር ላይ በቢጫ ቀለም ተጻፈ። ምን ይመስልሻል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ስሜን እዚህ አልጽፈውም። “እገሊት” እያላችሁ አንብቡ።

ወሬው ከደብረ ሲና እስከ አጣዬ ተሰማ። እሑድ ለሰንበቴ ገበያ የሚሄዱ ነጋዴዎች “እገሊት ካልመጣች አንሳፈርም” ማለት ጀመሩ። ጀውሃ ላይ ምግብ ቤት በር ቁጭ ብለው ሌላውን መኪና ሁሉ ያሳልፉ ነበር። ይህ ያበሳጨው ታደሰ የሚባል የአጣዬ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ አዲስ አውቶቡስ ያመጣ፣ ሚስት የሌለው። ወንበሩ ባዶ ሲሄድ ሲከርም አንድ ቀን ያንኑ ስም በቀይ ቀለም አስጽፎ መጣ። ጋሼ በዛብህ “እውነተኛዋ” የሚል ጨመረ። ታደሰ “ዋናዋ” አለ። ጋሼ በዛብህ በግራና በቀኝ ጎኗ፣ በኋላዋም ጭምር አስጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከእንቅልፌ የምነቃው በራሴ ስም ነበር። “እገሊት ልትነሳ ነው!” “እገሊት ሁለት ሰው ቀራት!” እያሉ ተሳፋሪ ጠሪዎቹ ይፎካከራሉ። ትምህርት ቤትም ሰላም አልነበረኝም። ወደ ጥቁር ሰሌዳ ስጠራ ከኋላ አንዱ “ፍሬንሽን ያዢ!” ይላል፣ ሌላው በአፉ ጥሩምባ ይነፋል፣ አስተማሪው ራሱ ፈገግታውን ይውጣል።

ሁለቱ በስሙ ተካስሰው ወረዳ ፍርድ ቤት ደረሱ። ዳኛው ለመኪና ስም የሚሆን ሕግ አላገኘሁም ብሎ በሽማግሌ ጨርሱ አላቸው። ሽማግሌዎቹ በአባቴ እርሻ ካለው የሮቃ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ በእንስራ ውኃ አመጣሁላቸው።

“ገዷን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ቁልቁለቱ ላይ እሱ የት ነበር?” አለ ጋሼ በዛብህ።

“ስም አጥር የለውም። በዚህ አገር ስንት እገሊት አለች!” አለ ታደሰ።

አቶ ወልዴ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ “አንተ የጻፍከው የየትኛዋን ነው?” አሉት።

ታደሰ “የእሷኑ” አለ።

“እንግዲያው የስሙ ባለቤት አባትየው ነው።”

አባቴ ቀና አለ። እኔም ልቤ ቀና አለ፤ ሁለቱንም አስፍቁ ይላቸዋል ብዬ። አቶ ወልዴ ግን ቀጠሉ። “ታደሰ ትዳር የለህም። ልጅቷም ደርሳለች። ብታገባት አንተም ባሏ ነህ፣ በዛብህም እንደ አባቷ ነው። ስሙ ከቤት አይወጣም። ጠቡም ይበርዳል።”

“ጥሩ ነው! ጥሩ ነው!” አሉ ሁሉም። ጋሼ በዛብህም አለ።

አባቴ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና እንደሚያስፈትነኝ፣ ካለፍኩም ደብረ ብርሃን እንደሚያስተምረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። መሬቱን በጭራሮ ይጭራል። “ልጅቷ እንኳ ትምህርት…” አለና አቋረጠው። ከዚያ “እንዳላችሁ” አለ። እንስራውን ይዤ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። አንድም ሰው ዞሮ አላየኝም።

ሦስት ቀን ከእርሻው እስከ መንገድ፣ ከመንገድ እስከ እርሻው ተመላለስኩ። እሑድ ጠዋት ሁለቱ አውቶቡሶች ጎን ለጎን ቆመው ለሰንበቴ ሲጭኑ ሄጄ በመካከላቸው ቆምኩ።

“እገሊት እኔ ነኝ!” አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። “ገዴን ከሁለቱም መኪና አንስቻለሁ! ስሙን እንጂ እኔን የጫነ የለም፤ ስሙን ይዛችሁ ሂዱ!”

ጋሼ በዛብህ ከመሪው ላይ ብቅ ብሎ፣ “ምን ነካሽ ልጄ? ነይ ግቢ፣ ከፊት ተቀመጪ” አለኝ።

“ተዋት ጋሼ፣ ፀሐይ መትቷት ነው!” አለ ታደሰ።

እትዬ ዘሃራ የሚባሉ በርበሬ ነጋዴ ከታደሰ አውቶቡስ በር ላይ ነበሩ። አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው መሬት። “ወላሂ፣ ባለቤቷ አንስቻለሁ ካለች እኔ በባዶ ስም የጀውሃን ወንዝ አልሻገርም። ቅርጫቴን አውርዱልኝ!” አሉ።

እሳቸው ሲወርዱ ከኋላቸው ያሉት ወረዱ። ከዚያም ከጋሼ በዛብህ መኪና መውረድ ተጀመረ። ዶሮ በእግሯ ተንጠልጥላ በመስኮት ስትወጣ ትዝ ይለኛል። በገድ አላምንም ነበር፤ ዛሬም አላምንም። እነሱ ግን ያምኑ ነበር።

ታደሰ ማግስቱን “ገዷን ያነሳች ሴት ቤቴ አትገባም” ብሎ ላከ። የፈለግኩትም እሱን ነው። ሌላ አገባ፤ ስሜን አስፍቆ የእሷን አስጻፈ። ነጋዴዎቹ ሁለት ገበያ ያህል በእግርና በበቅሎ ከሄዱ በኋላ ደከማቸውና ተመለሱ። ጋሼ በዛብህ ስሙን እስከ መጨረሻው አልፋቀም። እኔን ግን ፈተናውን አልፌ ወደ ደብረ ብርሃን ልሄድ ስል “ይቺን ጭኜ ምን ልሁን” ብሎ ትቶኝ ሄደ። የሄድኩት ሎሚ በጫነ የጭነት መኪና ላይ ነው።

ለፈተናው ስንመዘገብ ዲሬክተራችን ብዕሩን አንስቶ “ማን ብዬ ልጻፍ?” አለኝ። ወጉ ስለሆነ ነው የጠየቀኝ። ግን ስለ ስሜ እኔን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። የክርስትና ስሜን ነገርኩት። እስካሁን የምጠራውም በእሱ ነው።

አዲሱን ስም አባቴ ብቻ አልተቀበለውም። በቀድሞው ይጠራኛል፣ እኔ ዝም እላለሁ። ሲፈልገኝ እናቴን ይልክብኛል። እንዲህ ሆነን ዓመታት ኖርን። በመጨረሻ ታምሞ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ሦስት ጊዜ በዚያው ስም ጠራኝ። እልኼ ያዘኝ። አንዴ ከደገመኝ አቤት እለዋለሁ ብዬ አፌን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። አልደገመኝም።

የኩባንያዎቹ ክርክር ምን ላይ እንደ ደረሰ የእህቴን ልጅ አልጠየቅኳትም። ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስቴ ተነስቻለሁ። አባቴ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ፣ እዚያ ዛፍ ሥር ዞሮ “አንቺስ?” ቢለኝ ኖሮ፣ እላለሁ። ጥፋቱ የእሱ ነው። ይህን ዛሬም አልለውጥም። ግን አራተኛውን ጥሪ እየጠበቅኩ ነበር፤ ይህንንም ልናገር።