ለሌላ የተሰጠ አካውንት

ፋንታነሽ ስትናደድ አትጮህም። ጥርሷን ነክሳ ዝም ትላለች፤ የሚያውቋት ያን ጊዜ ዘወር ይሉላታል። ከቢቸና ወደ ሞጣ በተሳፈረችበት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው አያውቃትምና ሊያጫውታት ሞክሮ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

የምትሠራው ቢቸና ውስጥ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ጊዜው አልፎበት ሲጣል ማየት ቢያንገበግባት፣ ከስልኳ እያነበበች ራሷን ፕሮግራም መጻፍ አስተማረች፤ የትኛው መድኃኒት ጊዜው ሊያልፍ እንደተቃረበ ቀድሞ የሚናገር ፕሮግራምም ሠራች። ሥራው ያለው በባለቤቱ በአቶ የኔሰው ላፕቶፕ ላይ ነው። ትናንት አቶ የኔሰው ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሊገባ መሆኑን፣ ላፕቶፑንም ያለበትን ሁሉ አጥፍተው ነገ እንደሚሰጡት ነገሯት። ፕሮግራሜስ ብትላቸው፣ "ጨዋታሽን ስልክሽ ላይ ተጫወቺ" አሏት።

ፍላሽ አታምንም፤ አንድ ጊዜ ፋይሏን ቫይረስ በልቶባታል። ቢቸና ላይ ኢንተርኔት ከጠፋ ሰነባብቷል። ላፕቶፑን እስከ ነገ ለምና ተቀበለች፤ የቀራት የትውልድ ከተማዋ ሞጣ ነው። እዚያ ጋሽ ስጦታው የሚባሉ የኢንተርኔት ቤት ባለቤት፣ የፕሮግራሟን ኮድ ኢንተርኔት ላይ የምታስቀምጥበት አካውንት አምና ከፍተውላታል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ፎልደርም ከዚያ አካውንት ጋር ተያይዟል። አንድ ትእዛዝ ብትጽፍ የዓመት ልፋቷ ወደዚያ ይሄዳል።

ጋሽ ስጦታው ቤት ተቀምጣ ትእዛዙን ጻፈች። አልተፈቀደም አላት። ደገመችው። ያው ነው።

"እሱንማ ይታገስ ለሚባል፣ እንዳንቺው ኮድ ለሚጽፍ ልጅ ሰጠሁት" አሉ ጋሽ ስጦታው፣ የፎቶ ኮፒ ማሽናቸውን ቀለም እየሞሉ። "አንቺ ጠፋሽ። ልጁ ሥራ ሊያመለክትበት ቸኩሎ ነበር፤ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ወሰደው።"

እሳቸው ቤት ልማዱ ይኸው ነው። የደንበኛው አካውንት ሁሉ የሚከፈተው በራሳቸው ስልክ ቁጥር ነው፤ የይለፍ ቃሉም የሁሉም አንድ፣ የቤቱ ስም ነው። ደንበኛው ቢረሳ እሳቸው አይረሱም። አምና ፋንታነሽም እንደ ሌላው ወንበሩን ለቅቃላቸው፣ ቆማ እያየች ነበር ያስከፈተችው።

"የእኔን አካውንት፣ ጋሼ?"

"በእኔ ቁጥር አይደል የተከፈተው? ደግሞ ምን ነበረበት፣ ኩርማን ፋይል።"

"እርስዎ መስቀያ ላይ ኮቴን ብሰቅል፣ ኮቱን ለመንገደኛ ይሰጡታል?"

ወረፋ የያዙት ሳቁ። ጋሽ ስጦታውም አብረው ሳቁና ምላሷ ቢቸና ሄዶ ተሞረደ አሉ። እሷ አልሳቀችም።

ጥርሷን ነክሳ ፎልደሩን ከፈተች። መጀመሪያ ከጻፈችው መስመር እስከ ትናንቱ ድረስ እያንዳንዱ ለውጥ እዚያው አለ። ይታገስ የወሰደው ቦታውን እንጂ ሥራውን አይደለም። በራሷ ስልክ ቁጥር አዲስ አካውንት ከፈተች፤ የይለፍ ቃሉን ስትጽፍ እጇን በሌላው እጇ ከለለች። ለኮዱ አዲስ ቦታ አዘጋጀች። የድሮውን አድራሻ ከፎልደሩ አላቅቃ የአዲሱን አያያዘችበት። ትእዛዙን ጻፈች።

ኔትወርኩ ይንፏቀቃል። ውጭ ረዳቱ ቢቸና፣ ቢቸና እያለ ይጣራል። ያ መኪና ካመለጣት ሌላ የለም። አልተነሣችም። ሁሉም ገብቶ ሲያልቅ በስልኳ ከፍታ አየችው፤ ከነስሟ አለ።

ጋሽ ስጦታው እስክሪብቶ ይዘው መጡ። "የይለፍ ቃሉን ንገሪኝና ልያዝልሽ። ትረሺዋለሽ።"

"ብረሳው ይሻለኛል" አለችና ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ ሮጠች።

በማግስቱ ለአቶ የኔሰው ላፕቶፑን አስረከበች። ፕሮግራሙን ራሷ አጥፍታዋለች። ከሳምንት በኋላ አቶ የኔሰው መደርደሪያው ሥር ጊዜው ያለፈበት ካርቶን ሙሉ ሽሮፕ አገኙና፣ ያ ቀድሞ የሚናገረው ነገር የት ገባ ብለው ጠየቋት።

"ጨዋታዬን ነው?" አለች ፋንታነሽ፣ ካርቶኑን ወደ እሳቸው እየገፋች። "ስልኬ ላይ እየተጫወትኩ ነው።"