አጓት ያለበት ዳቦ

እናቴ ስለት የገባችው ሱዳን ውስጥ፣ በስደተኞች ሰፈር ነው። እኔ ያኔ ስድስት ዓመቴ ስለነበር ስትሳል አልሰማኋትም፤ የሰማሁት በኋላ ነው፣ ያውም ደጋግሜ። አባቴ አዲስ አበባ ታስሮ ቀርቶ ነበር። እሱን በሕይወት በዓይኗ እስክታየው ድረስ ስጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ቤቷ እንዳይገባ ለእግዚአብሔር ቃል ገባች። ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ሻማ ይሳላል፣ ቢበዛ በግ ይሳላል። የኔ እናት ማድ ቤቷን ተሳለች። ማድ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ስለቱ ከእኛ ጋር አውሮፕላን ተሳፍሮ አትላንታ ገባ። ከከተማው ወጣ ብሎ ስማይርና በሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ያለች ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተሰጠን። ያስመጡን የአንድ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዲት ደግ ሴትዮ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ የደረቀ፣ ተርኪ የሚባል ትልቅ የፈረንጅ ዶሮ በሁለት እጇ አቅፋ ትመጣለች። እናቴ ከበሩ ሳታሳልፋት አመስግና ትቀበላታለች፤ ሴትዮዋ መኪናዋን አስነስታ እስክትሄድ ተርኪውን ደፉ ላይ እንደያዘች ትቆማለች፤ ከዚያ በቀጥታ ይዛው ወርዳ ለታችኞቹ ጎረቤቶች ትሰጣለች። ጎረቤቶቻችን ከኛ የበለጠ ለጋስ ሐበሻ በዓለም ላይ ያለ አይመስላቸውም ነበር።

በገባን በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ የባቄላ ስዕል ያለበት ቆርቆሮ ገዛች። ከፍታ ስታሞቀው ከባቄላው ሥር የአሳማ ጮማ ብቅ አለ። ባቄላውን ከነድስቱ ጣለችው፤ ያለን ድስት ደግሞ ያ ብቻ ነበር። እናቴ አገር ቤት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፤ እንግሊዝኛዋ ግን ለቆርቆሮ ጀርባ ጥቃቅን ፊደል አይሆንም ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ጥቂት ወር እንደተማርኩ ሱፐርማርኬት ውስጥ ፊቷ እያቆመችኝ "አንብቢ" ትለኝ ጀመር። የማላውቀው ቃል ሲኖር ወረቀት ላይ ገልብጬ ቤት እወስድና ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ እነግራታለሁ። ቤታችን የሚገባውንና የማይገባውን የምትወስነው እንግዲህ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱን እወደው ነበር። የወለሉ ሰም ሽታ ሳይቀር ይናፍቀኛል። ምሳዬን እናቴ ቋጥራ ትሰጠኛለች፤ አንድ ቀን ግን ጓደኞቼ የሚበሉት፣ በእንጨት ተሰክቶ በበቆሎ ሊጥ የተጠበሰ ነገር አስጎመጀኝና አንዷን ለምኜ በላሁ። ውስጡ ቋሊማ ነበር። ጣፈጠኝ። ቤት ስገባ ደግሞ ሞኝ ነኝና ለእናቴ እየሳቅሁ ነገርኳት። አልመታችኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአክስቴ ደብዳቤ መጣ። ያን ጊዜ ደብዳቤ ስለሚፈተሽ እስር ቤትን "ሆስፒታል" እያልን ነበር የምንጻጻፈው። አክስቴ፣ በሽተኛው ወደ ሌላ ሆስፒታል መዛወሩንና የት እንደሆነ የሚያውቅ እንደጠፋ ጽፋለች። እናቴ ደብዳቤውን አጥፋ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቋሊማዋን ሲቆጥር አየሁት፤ ወይም ያየሁ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ሲከፈት እኔ አልሄድኩም። አትላንታ ባለችበት በጆርጂያ ግዛት፣ ዲፕሎማ ያላት እናት ልጇን ቤት ማስተማር እንደምትችል ከየት እንደሰማች እንጃ፤ ብቻ ፎርሙን አመጣች፣ እኔው አነበብኩላት፣ እኔው በእርሳስ ሞላሁላት፣ እሷ በብዕር ፈረመች። የራሴን እስር ቤት ወረቀት በራሴ የእጅ ጽሑፍ ሞላሁ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ሕጉ በቀን አራት ሰዓት ተኩል ይበቃል ይላል። እናቴ ግን ሕጉን የጻፉት ሰነፎች ናቸው ብላ ጠዋት ጀምራ አመሻሽ ላይ ታቆማለች። ለላውንደሪ ቤት የሱሪ እግር እያሳጠረች በቤቷ ትሠራ ስለነበር የምግብ ጠረጴዛው በአንድ ጫፉ የስፌት መኪና፣ በሌላው ጫፉ እኔ ነን። ሒሳብ አነበንባለሁ፤ መኪናው ይንጫጫል። ስሳሳት መኪናው ቀጥ ይላል። ሽንት ቤት ስቆይ እንኳ "ምን ሆንሽ?" የሚል ድምፅ በሩ ላይ ይመጣል። መስኮታችን ሥር ጠዋት ጠዋት ቢጫው ባስ ይቆምና በሩን ከፍቶ ልጆቹን ዋጥ ዋጥ አድርጎ ይሄዳል። ያን ሰዓት እናቴ ሆን ብላ የቃል ትምህርት ታደርገው ነበር፤ ዓይኔን ከእሷ እንዳልነቅል።

ምግቡስ? ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ድንች፣ ሩዝ በካሮት፤ ከዚያ ደግሞ ምስር። ጎመን መቼም በአትላንታ አይጠፋም፤ እኔ እንኳን እንዲጠፋ ጸልያለሁ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ጾም የለባቸውም። አልፎ አልፎ ከሌላ ከተማ እየመጡ የሚባርኩን ቄስ እናቴን በነዚህ ቀናት መጾም ሥርዓት እንዳልሆነ ገሠጿት። "እሺ አባቴ" ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቤት ገብታ ሽሮዋን ጣደች። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን እናቴን ያየ ነው የሚያውቀው።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ደስታ ነበረኝ፤ የተቆራረጠ፣ ነጭ፣ ለስላሳ የሱፐርማርኬት ዳቦ፣ የለውዝ ቅቤ ተቀብቶ። እናቴ ዳቦውን አትነካውም። "ጥጥ ነው" ትላለች። ለኔ ግን ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ሁለት ቁራጭ ትሰጠኝ ነበር። አሜሪካ ማለት ለኔ ያ ዳቦ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ሥራ ፈትቼ የዳቦውን ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር ሳነብ ድሮ ሳላስተውል ያለፍኩት አንድ አጭር ቃል አገኘሁ። ዌይ ይላል። መዝገበ ቃላቱ፣ ወተት ረግቶ አይቡ ሲወጣ የሚቀረው ውሃ ነው አለኝ። ቃሉን በአማርኛ ስለማላውቀው እናቴን፣ አይብ ሲወጣ የሚቀረው ውሃ ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኋት። ደስ አላት። መኪናውን አቁማ "አጓት" አለችኝና እንዴት እንደሚወጣ፣ ለጥጃ እንደሚሰጥ፣ እኔም ሕፃን ሆኜ እንደጠጣሁት አጫወተችኝ። ደብተሬ ላይ አጻፈችኝ።

እንግዲህ ከመጣን ጀምሮ በየቀኑ ስለቷን ስበላ ኖሬያለሁ። አንዲት ቋሊማ አባቴን ከእስር ቤት እስር ቤት ካዞረችው፣ ይህ ሁሉ ዳቦ ምን አድርጎት ይሆን? ብነግራት ዳቦው ይቀርብኛል፤ ያ ትንሹ ነው። ብነግራት አባቴ ባይመጣ ምክንያቱ እኔ እንደሆንኩ በእርግጠኝነት ታውቃለች። ባልነግራት ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ሱፐርማርኬት ውስጥ "አንብቢ" ስትለኝ ዱቄት፣ ውሃ፣ ስኳር፣ እርሾ፣ ጨው እልና ያቺን ቃል ዘልዬ "የጾም ነው" እላለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ የለውዝ ቅቤ ቀብቼ እበላለሁ። መብላቴን ማቆም ነበረብኝ፤ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም። ከአክስቴ ደብዳቤ ሳይመጣ በቀረ ቁጥር እናቴ ታለቅሳለች፣ እኔ ወደ ዳቦው አያለሁ።

እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት ሊሞላን ሲል ደብዳቤው መጣ። በሽተኛው ከሆስፒታል ወጥቷል፣ ኬንያ ገብቷል ይላል። እናቴ ከእጇ ሱሪው ወድቆ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። "ተሰማ" አለች፤ "ጾሙ ተሰማ።" እኔም አጠገቧ ተንበረከክሁ፤ ደስታዬ ግን ከሷ ይለይ ነበር። አባቴን መልኩን እንኳ በቅጡ አላስታውሰውም። ያየሁት በሩን ነበር። አባቴ ሲመጣ ስለቱ ያበቃል፤ ስለቱ ሲያበቃ ቢጫው ባስ እኔንም ይወስደኛል። ትምህርት ቤት እመለሳለሁ ወይ ብዬ ስጠይቃት "እስቲ እሱ ይምጣ" አለችኝ።

የመግቢያ ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ አልቆ አባቴ ሊመጣ ሲቃረብ ኦገስት ሆነ። አንድ ጠዋት የፍሪጁ በር ላይ በማግኔት የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። የሚመጣው ዓመት የቤት ትምህርት ፎርም ነበር። በዚህኛው የእኔን እጅ አልፈለገችም፤ ያለፈውን ዓመት ቅጂ አስቀምጣ አንድ በአንድ ገልብጣለች። እስከ ሴፕቴምበር መግቢያ መላክ ነበረበት። ቆሽቴ አረረ። ሆኖም አፌን ያዝኩ፤ ሰውየው ይምጣ አልኩ።

አባቴ መጣ። ከኤርፖርት መኪና ይዘው ያመጡን እነዚያው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ኮቱ የሌላ ሰው የሚመስል ሰው ነበር። ይህን ሰው አንተ ልበለው አንቱ ግራ ገብቶኝ ዝም ብዬ እጁን ያዝኩ። ጉዱ ደግሞ የመጣው በፍልሰታ ጾም ሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። ስለቱ አለቀ፤ ጾሙ ቀጠለ። ስድስት ዓመት የጠበቅነው እንግዳ የቀረበለት ምስር በጎመን ነበር። እናቴ ስታቀርብለት ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትስቃለች። እኔ የፍሪጁን በር እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ሦስታችን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። አባቴ ሻይ ይዟል። እናቴ ዳቦዬን ወደሱ ገፋ አደረገችለት። አንድ ቁራጭ አንስቶ ጫፉን ቆረሰና አፉ አጠገብ ሲያደርስ አቆመ።

"ይሄ የጾም ነው?" አለ።

"እሷ ናት የምታውቀው፤ ገና በስምንት ዓመቷ ነው ሌብል ማንበብ የጀመረችው" አለች እናቴ በኩራት። "አንብቢለት።"

ላስቲኩን ያዝኩ። ዱቄት፣ ውሃ፣ ስኳር፣ እርሾ፣ ጨው አልኩ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አቁሜያለሁ። ከሰውየው ትከሻ በላይ ፎርሙ ይታየኛል።

"አጓት" አልኩ።

አባቴ ዳቦውን መልሶ አስቀመጠ። እናቴ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አልኳት፤ እኔ ያወቅሁት ደብተሬ ላይ ያጻፈችኝ ቀን እንደሆነ ነገርኳት። ጣሪያው እስኪወርድብኝ ጠበቅሁ። እናቴ ግን ትንሽ አሰበችና ትከሻዋን ሰበቀች።

"እኔ እንደሆነ አልቀመስኩትም" አለች። "ስለቱ የኔ ነው። አንቺ ልጅ ነሽ። ያንቺን ማን ቆጠረው?"

ያን ጊዜ የተሰማኝን በሌላ ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። እፎይ ማለት ነበረብኝ። ይልቅ ደሜ ፈላ። ሦስት ዓመት አባቴን የገደልኩት እየመሰለኝ ያንን ዳቦ ስውጥ፣ ለካ ማንም አልቆጠረኝም።

"ታዲያ በአንዲት ቋሊማ ከትምህርት ቤት ለምን አወጣሽኝ?" አልኳት።

እናቴ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀ ክር ለቀመች፤ ከዚያ ሌላ ክር ለቀመች። አባቴ እሷን ያያል።

"ቋሊማው አይደለም" አለች በመጨረሻ። "ብቻዬን መዋል ፈራሁ።"

ከዚያ ለኔ ሳይሆን ለአባቴ ነገረችው። እኔ ትምህርት ቤት ስውል መኪናው ሲቆም ቤቱ ውስጥ ምንም ድምፅ እንደማይኖር፣ ያን ጊዜ እሱ የሞተ እንደሚመስላት፣ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር መርዶ ነጋሪ እንደሚመስላት ነገረችው። እኔ ጎኗ ተቀምጬ ሳነበንብ ግን ቀኑ ይመሻል። ያቺን ቋሊማ ሰበብ አደረገቻት። ይህንን ስትል አላየችኝም።

ማዘን ነበረብኝ። አዘንኩም፣ ግን ዘግይቶ ነው፤ ያን ቀን ንዴቴ ቀደመ። ተነስቼ ፎርሙን ከፍሪጁ ላይ አነሳሁና ፊቷ አስቀመጥኩት። አልቀደደችውም። አራት አጥፋ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከክሮቹ ጋር ከተተችው፤ ዓመታት ቆይተን ከዚያ ቤት ስንለቅ እዚያው አገኘሁት።

ትምህርት በተከፈተ ጊዜ ባሱ ላይ ወጣሁ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ቀና ስል እናቴ ፎቅ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ አባቴ ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔ ቦታ ተቀምጧል። እሷ ግን የምታየው እኔን ነው። ባሱ ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ ከመስኮቱ አልራቀችም።

ምሳ ሰዓት ላይ የቋጠረችልኝን ፈታሁ። ቀኑ ረቡዕ፣ የጾም ቀን ነበር። ያው ነጭ ዳቦ ነው፣ የለውዝ ቅቤ ተቀብቶ፣ እንደምወደው ጠርዙ ተቆርጦ።