ዳቦውን የያዝኩበት እጅ

የእንግሊዙ ንጉሥ ዘውድ በጫኑበት ቅዳሜ የጠዋት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። በሰው አገር፣ ሮዝዌል ከተማ ውስጥ ብዙ ዓመት በሠራሁበት የአረጋውያን መኖሪያ፣ የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የወረቀት ባንዲራ ተሰቅሏል፣ በየጠረጴዛው የወርቅ ቀለም የተቀባ የካርቶን ዘውድ ተደርድሯል፣ ወጥ ቤቶቹም ለዕለቱ ብለው ዘቢብ የገባበት ትንንሽ ክብ ዳቦ ጋግረው ኖሮ፣ በሩን ገፋ ሳደርግ ሽታው ተቀበለኝ። ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር፤ የዘቢብ ዳቦ ሽታ ግን ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አልችለውም።

ዘጠና አንድ ዓመት የሞላቸው ሚስ ዶሮቲ፣ እናታቸው የእንግሊዝ አገር ሰው ነበሩና ገና ሳይነጋ ዘውዳቸውን ደፍተው ቴሌቪዥኑ ፊት እንባቸውን ይጠርጋሉ። ሚስተር ዋልተር ደግሞ አያቶቻችን ከንጉሥ የተገላገሉት ደም አፍስሰው ነው ብለው የእሳቸውን ዘውድ የቡና ስኒ ማስቀመጫ አደረጉት። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ቁርስ የበሉ ሁለት ሰዎች፣ የማያውቃቸው አንድ ሰው ባሕር ማዶ ዘውድ ስለጫነ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ። ሚስ ዶሮቲ በቀኝ እጄ ባንዲራ አስያዙኝ፤ ከኖርክሮስ የምትመጣው የሥራ ባልደረባዬ ሳምሪ በግራ እጄ ዳቦ አኖረችልኝ፤ እኔም ሁለት እጄ ተይዞ አዳራሹ መሐል ቀረሁ።

«እትዬ፣ ምነው ፍሪዝ አደረግሽ? ብሬክሽን ውሰጂ እንጂ» አለችኝ ሳምሪ። በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው፤ እንዲህ ሆኜ የቆምኩት ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑን በምን ታውቃለች። ለዕረፍቴ ወጥቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

በልጅነቴ፣ አገር ቤት፣ ሰፈራችን ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ነበር። ይህ ዕድል የሚመስለው ላልኖረበት ሰው ነው። የዘውድ በዓል በመጣ ቁጥር የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ይመጡና፣ ጎጆዎቻችን ለእንግዳ ዓይን እንዳይከብዱ የተተከለውን የቆርቆሮ አጥር አረንጓዴ ቀለም ይቀቡታል፤ የሚቀባው ግን በመንገዱ በኩል ብቻ ነው፣ በእኛ በኩል ዝገቱ እንዳለ ነው። እናቴ ከአጥሩ ጀርባ ሆና ስለ ውሃው ቧንቧ ታማርራለች፣ የመኪናው ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ እልል የምትለው እሷው ናት፤ ሁለቱም ከልቧ ነበር። አባቴ ሥራ በመዘጋቱ ደስ ይለው ነበር፣ ስለ ምን እንደተዘጋ ወሬ ሲነሣ ግን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይልና ሬዲዮኑን ዝቅ ያደርገዋል። ሰው በጓዳው የሚያጉረመርመውን በአደባባይ ያጨበጭብለት ነበር፤ እኔ ሕፃኗ በዓል ማለት ይኸው ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ በለጡ የሆስፒታል አንሶላ እያጠቡ አንድ ልጃቸውን ለዩኒቨርሲቲ ያበቁ ሴት ናቸው። በእሳቸውና በእኛ ቤት መሐል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ሲያስነጥሳቸው እናቴ «ይማርዎት» ትላቸዋለች። ልጃቸው ግርማ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሳቁ በፊት የሚያስል ልጅ ነበር፤ ክፍልፋይ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ የእናቱን የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮ ወለሉ ላይ ዘርግፎ። ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ በዚያ ዓመት መስቀል እንዳለፈ ተማሪዎች ተሰልፈው ሲጮኹ ወታደሮች ደረሱባቸውና ግርማን ከነጓደኞቹ በካሚዮን ጭነው ወሰዱት። ወዴት እንደወሰዱት የሚናገር ጠፋ። እትዬ በለጡ ምግብ በሳህን ቋጥረው ከአንዱ ፖሊስ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲዞሩ ይውሉና፣ ማታ ሳህኑን ሳይፈቱት ይመለሳሉ።

በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው ለጃንሆይ አቤቱታ አጻፉ። ይፈታልኝ እንኳን አላሉም፤ ምግብ እንዳደርስለት ልጄ ያለበትን ቦታ ይንገሩኝ ነበር ያሉት። አቤቱታ ይዞ ወደ መኪናው የሚጠጋ ትልቅ ሰው በፖሊስ ዱላ ይመለሳል። የዘውድ በዓል ዕለት ከፊት የሚሰለፉት ደግሞ የተማሪ ቤት ሕፃናት ናቸው፤ የእኛ ክፍል የሚቆመው ልክ መኪናው ለመታጠፍ ቀስ በሚልበት ቦታ ነበር። እትዬ በለጡ ወረቀቱን ሹራቤ ሥር በመርፌ ቁልፍ አያያዙልኝና፣ በሳሙና የተሰነጣጠቀ እጃቸውን ጉንጬ ላይ አድርገው «መኪናቸው ቀስ ሲል እጅሽን ዘርጊ፣ እናቴ። ሕፃን አይመልሱም» አሉኝ።

መንገዱ ዳር ስንሰለፍ ለእያንዳንዳችን የወረቀት ባንዲራና ዘቢብ የገባበት ክብ ዳቦ ታደለን። መምህራችን አለንጋውን እያወዛወዘ ባንዲራ በቀኝ እጅ፣ የጣለ ወዮለት፣ ዳቦውንም ጃንሆይ ሳያልፉ የቀመሰ ወዮለት አለ። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ቆምን። ፀሐዩ ዳቦውን አሙቆት ሽታው አፍንጫዬ ሥር ነው፤ እንደዚያ ያለ ዳቦ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር፣ እናም ሳልነካው ቆየሁ። በኋላ ረጅሙ ጥቁር መኪና መጣ፤ ቀስ አለ፤ መስኮቱ ተከፍቷል። በሳንቲሙና በሥዕሉ ላይ ትልቅ የነበሩት ሰውዬ ትንሽዬ፣ የደከማቸው ሽማግሌ ሆነው ታዩኝ። አቤቱታው ሹራቤ ሥር ነው። ለማውጣት እጅ ያስፈልጋል፤ በቀኜ ባንዲራ አለ፣ ባንዲራ ከወደቀ አለንጋው አለ፤ በግራዬ ዳቦው አለ። ዳቦውን በጥርሴ ልነክሰው እችል ነበር፤ ይህ መላ የመጣልኝ ማታ ከተኛሁ በኋላ ነው፣ ከዚያ ወዲህም ሳይመጣ ያደረ ሌሊት ጥቂት ነው። መኪናው ታጥፎ ሄደ። እኔ ዳቦዬን በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር።

እትዬ በለጡ ከአጥሩ ጀርባ፣ ውሃ የምንቀዳበት ክፍተት ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «ሰጠሽልኝ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። ልዋሽ ብዬ አስቤ አይደለም፤ ፊታቸው ሌላ መልስ የሚያስገባ ቦታ ስላልነበረው ነው። መሬት ላይ ተንበርክከው ሁለት እጆቼን ሳሙ፤ ግራው ገና በዘቢብ ስኳር ይጣበቅ ነበር። «በእጃቸው ነው የተቀበሉሽ?» ሲሉ እንደገና «አዎ» አልኩ፤ ወረቀቱንም በዚያው ምሽት የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ የሸጠበትን ታሪክ ቄሱ ባነበቡ ቁጥር ቀና ብዬ አላያቸውም ነበር።

በዚህ ቢቆም ኖሮ ነገሩ በአንድ ሕፃን ቅጥፈት ያልቅ ነበር። ነገር ግን በሃያኛው ቀን ግርማ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ በሩ ላይ ቆመ። በካሚዮኑ የተጫኑት ልጆች በሙሉ በአንድ ቀን ተፈትተዋል፤ ለማንም ደብዳቤ ያልጻፉ እናቶች ልጆችም ጭምር። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እትዬ በለጡ ግን የሚያውቁት ደብዳቤያቸውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፍቶ «አማላጄ» ሆንኩ። የበዓል ዶሮ ሲሠሩ ፈረሰኛው የእኔ ነው፤ ከሆስፒታሉ የሚያመጡት ብስኩት የእኔ ነው፤ እናቴ ስትቆጣኝ በግድግዳው በኩል «ተይ፣ የጃንሆይን እጅ የነካች ልጅ አይመታም» ይላሉ። ያልሠራሁት ደግነት እንዲህ ሲጣፍጠኝ ከረመ። እውነቱን እንዳልናገር ያሰረኝ ፍርሃት ብቻ ነው ብል ዛሬም መዋሸቴ ነው።

ግርማ በዚህ ደብዳቤ ነገር መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ በኋላ ሳቁ ቀርቶ ሳሉ ብቻ ቀረ። እስር ቤቱ ሞልቶ እንጂ ማንም አላዘነልንም፣ አብሮን የታሠረ ልጅ በዱላ ሞቶብናል ይላል። እናቱ ደግሞ ያወጡህን ሰው አትርገም፣ ጡር አለው ይላሉ። በሚቀጥለው ዓመት የዘውድ በዓል እሳቸው የታጠበ ነጠላቸውን ለብሰው አጥሩ ክፍተት ላይ እልል ሲሉ፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ዋለ። እኔ ከሁለቱ መሐል ብስኩት እበላለሁ።

በዓመቱ መስከረም ላይ ጃንሆይን በትንሽ መኪና ወሰዷቸው። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። አረንጓዴውን አጥር ወንዶቹ ገፍተው ጣሉትና ቆርቆሮውን ለቤታቸው ክዳን ተካፈሉት፤ እናቴ ለዚህም እልል አለች፤ አባቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። እትዬ በለጡ ብቻቸውን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» አሉ።

ግርማ ሲጮህ ውሎ ድምፁ ተዘግቶ መጣ። እናቱን በዚያ ሁኔታ ሲያያቸው ቆመ። ለማን ነው የምታለቅሺው አላቸው። እሳቸውም እኔን በጣታቸው አሳዩትና «ያወጡህ እሳቸው ናቸው፣ እሷን ጠይቃት» አሉት። ግርማ ክፍልፋይ ሲያስተምረኝ እንደሚያደርገው ቁጢጥ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «እስቲ አንቺ ንገሪያት። እውነት በእጁ ሰጥተሽዋል?» አለኝ። በሕይወቴ ከዚያ በኋላ እውነቱን እንዲህ በደግነት የለመነኝ ሰው የለም። እናቱ ያዩኛል። «በእጃቸው ተቀበሉኝ» አልኩት።

ብድግ አለ፤ ገብቶ መጻሕፍቱን በከረጢት አደረገ። ጓደኛዬን የገደለው ሰው አዳነህ እየተባልኩ እዚህ ቤት አልኖርም ብሎ ወጣ። እትዬ በለጡ አልጠሩትም፤ ለእራት ይመለሳል ብለው ነው። አልተመለሰም። አንዴ ሁለቴ ሰላምታ በሰው ላከ፤ በኋላ ወጣቶች እየታደኑ በየመንገዱ የሚወድቁበት ጊዜ መጣና ሰላምታውም ቀረ። እትዬ በለጡ ሳህናቸውን እንደገና ቋጥረው ከቀበሌ ቀበሌ መዞር ጀመሩ። ልጄ ያለበትን ቦታ ንገሩኝ ነው የሚሉት፣ ያው የድሮው ጥያቄ ነው። አሁን ግን አቤቱታ የሚሰጠው መኪና አልነበረም።

ዲቪ ሲወጣልኝ ሠላሳዎቹን አልፌ ነበር። ከመሄዴ በፊት በነበረው እሑድ፣ ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ቆርጬ ግድግዳውን ዞሬ ገባሁ። እትዬ በለጡ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝና እጄን ያዙ። ቃሉን አፌ ላይ አድርሼው ሳለሁ ቀደሙኝ።

«ሳልጠይቅሽ እንዳትሄጂ። ያን ቀን እጃቸው እንዴት ያለ ነበር?»

እትዬ በለጡ ልጅ የላቸውም፣ ንጉሥ የላቸውም፣ ጠያቂ የላቸውም። ያላቸው አንድ ነገር ይህ ነው። «ቀጭን ነበር» አልኳቸው፤ «ቀዝቃዛም ነበር፣ እትዬ። ግን አጥብቀው ነው የያዙት።» ፈገግ ብለው እጄን ሳሙት። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። እዚህ በመጣሁ በአራተኛው ዓመት ማረፋቸውን እናቴ በስልክ ነገረችኝ፤ የሥራ ሰዓቴ ደርሶ ነበርና መኪና ውስጥ አልቅሼ ገባሁ።

ብሬኬ አልቆ ወደ አዳራሹ ስመለስ ቴሌቪዥኑ ላይ የወርቅ ሠረገላው ያልፋል፤ ሕፃናት ባንዲራ ያውለበልባሉ። ሚስተር ዋልተር ክፍላቸው ገብተዋል። ሚስ ዶሮቲ ካርቶን ዘውዳቸውን አስተካክለው፣ በእናንተም አገር ድሮ ንጉሥ ነበር አሉኝ፣ በቅርብ አይተሻቸው ታውቂያለሽ ብለው ጠየቁኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ነገርኳቸው። የአንዲት እናት ደብዳቤ ልሰጣቸው ነበር፣ ዳቦ ይዤ ስለነበር ሳልሰጥ ቀረሁ፣ ሰጥቻለሁ ብዬም ዋሸሁ አልኳቸው። ሃምሳ ዓመት ከአፌ ያልወጣ ነገር በሰው አገር ቋንቋ በሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ሚስ ዶሮቲ «ዳቦው ጥሩ ነበር?» አሉኝ። በጣም ጥሩ ነበር አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሠረገላው ተመለሱ።

ያን ያህል የፈራሁት እውነት ማንንም ሳያስከፋ ወለሉ ላይ ቀረ። ጃንሆይ የሉም፤ ግርማ መቃብሩ እንኳን አይታወቅም፤ እትዬ በለጡ አርፈዋል፤ እልልታዋን ለሁሉም የምታካፍለው እናቴም የለችም። ብቸኝነት ሲባል ባዶ ቤት ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ብናገር የሚያለቅስ፣ የሚቆጣኝ፣ «ውሸታም» ብሎ ከቤቱ የሚያስወጣኝ አንድ ሰው እንኳን አለመኖሩ ከባዶ ቤት ይብሳል።

ሰዓቴን አስመዝግቤ ስወጣ ባንዲራውን ለሚስ ዶሮቲ መለስኩላቸው። ዳቦው ግን እጄ ላይ ቀርቶ ነበር። መብላትም መጣልም አቃተኝ፤ በግራ እጄ እንደያዝኩት፣ በቀኜ ብቻ እየነዳሁ ክላርክስተን ቤቴ ደረስኩ።