ታምኛለሽ ወይስ ትክጃለሽ

እናቴ ኮልፌ ከገባች ሃያ ዓመት ቢያልፋትም አማርኛዋ የገበያና የቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ቤት ውስጥ የምናወራው በጉራጊኛ ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ እኔ አስኮ አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ ከእኛ ጋር በአጥር የምትጣላ ጎረቤታችን «በድንጋይ ፈነከተችኝ» ብላ ከሰሰቻት። ሴትዮዋን የመታት ግን ራሷ ስትጎትተው የተነቀለው የአጥር ችካል ነበር።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ክሱን አንብበው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ታምኛለሽ ወይስ ትክጃለሽ?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ክህደት ከእኔ ይራቅ ጌታዬ። አምናለሁ።»

ጸሐፊው መጻፍ ጀመረ። በችሎት ማመን ጥፋትን መቀበል ነው፤ መካድ ደግሞ «አላደረግሁም» ማለት። እሷ መካድን የምታውቀው ከስብከት ነው፤ ዶሮ ሳይጮህ ጌታውን ሦስት ጊዜ ከካደው ሐዋርያ። ከግእዝ የመጣው ያው አንድ ቃል በቤተ ክርስቲያን ኀጢአት፣ በፍርድ ቤት መብት ነው።

ብድግ አልኩ። ፖሊሱ ክንዴን ያዘኝ።

«ክቡር ዳኛ፣ ቃሉ አልገባትም።»

«ጠበቃዋ ነሽ?»

«ልጇ ነኝ።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ደግመሽ ከተነሳሽ አንቺም ትታሰሪያለሽ።»

ተቀመጥኩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው እናቴን ትኩር ብለው ተመለከቷት።

«ድንጋዩን በየትኛው እጅሽ ወረወርሽው?»

«የምን ድንጋይ ጌታዬ?»

«አምናለሁ አላልሽም?»

«በእግዚአብሔር አምናለሁ። ድንጋይ ግን አልወረወርኩም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ሰርዘው። ክዳለች ብለህ ጻፍ።»

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። እስር ቤት እንኳ እንደዚህ አላስፈራትም ነበር።

«አልካድኩም ጌታዬ፤ እባክዎ እንዲህ ተብሎ አይጻፍብኝ» አለች እንባዋ እየወረደ።

«የችሎት ቃል ነው» አሏት ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሃይማኖትሽን አይነካም።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ የከሳሿ የራሷ ምስክር ስለ ችካሉ ተናገረና እናቴ በነፃ ተለቀቀች። የነፍስ አባቷም «ያላደረግሽውን አላደረግሁም ማለት ኀጢአት የለበትም» አሏት። እሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ጾመች።

«ነፃ ወጥተሽ የለ? ለምን ትጾሚያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«መዝገቡ ላይ እኮ ተጽፏል» አለችኝ።